የስባሪዎቹ ክብደት

ጠላው ላቦራቶሪው የደረሰው በትንሽ የዘይት ጀሪካን፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። ያመጣው ምንይችል የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ነው። ከዳባት በላይ፣ ደጋው ላይ ባለች አንዲት መንደር ጤና ጣቢያ ይሠራል። ጎንደር በሚኒባስ ገብቶ፣ ከዚያ ፀዳ ዳር እስካለው ላቦራቶሪ በባጃጅ ሲመጣ ጀሪካኑን ከጭኑ ላይ አላወረደውም።

የተቀበለችው ዓይናዲስ ነበረች። ዓይናዲስ ኬሚስት ናት፤ በምግብ ወይም በመጠጥ ውስጥ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ የምትመረምረው እሷ ናት። የተወለደችው ደባርቅ አጠገብ ስለሆነ ምንይችል ገና አፉን ሲከፍት የአገሯ ሰው መሆኑን አወቀች። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ውሃ ሰጠችው።

“ሰርግ ነበር” አላት። “ከጥምቀት በኋላ ነው። ሰዉ ሲበላ ሲጠጣ ዋለ፣ ምንም አልሆነም። ወደ ማምሻው ላይ የመጨረሻው ጋን ተከፈተ። ከእሱ የጠጡት ሁሉ አፋቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ይቀባዥሩ ጀመር። ግማሹ አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል። አንዱ አምና ገደል ከገባ በሬው ጋር ሲጨዋወት አመሸ።”

“የሞተ ሰው አለ?”

“የለም፣ ተመስገን። ውለው አድረው ሁሉም ወደ ልባቸው ተመለሱ። የተጎዱትስ ጠላውን የጠመቁት እትዬ አማረች ናቸው።”

“እሳቸውም ጠጥተው ነበር?”

“አልጠጡም። ይኸው እሱም ጣጣ ሆነባቸው።”

እትዬ አማረች ባላቸው የሞቱባቸው፣ በመንደሩ ሰርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር ጠላ የሚጠምቁ ሴት ናቸው። ቀደም ሲል የእህታቸውን ልጅ ለዚሁ ሙሽራ አስበውለት እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሰዎቹ ሲታመሙ ያ ነገር ተነሳ። የሙሽራው አባት አያ ሰውአገኝ “ቂም ይዛ መድኃኒት አደረገችብን” ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። የሙሽሪት ወላጆችም ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አማረች ቤት እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ሴቶቹ ራቅ ብለው ይቆማሉ።

“ሰዎቹን ያከምኋቸው እኔ ነኝ” አለ ምንይችል። “መድኃኒት አድርጋብን ነው ሲሉኝ፣ አይደለም አልኋቸው። ምንድን ነው ታዲያ ሲሉኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።”

ዓይናዲስ ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብላ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው።

መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ጠላ ይሁን ማር፣ በውስጡ ያሉትን በዓይን የማይታዩ የንጥረ ነገር ቅንጣቶች ይመዝናል። ከዚያ የተጠረጠረውን ቅንጣት ለይቶ ከጋዝ ጋር ያጋጨውና ይሰብረዋል፤ ስባሪዎቹንም አንድ በአንድ ይመዝናል። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሲሰበሩ ግን እያንዳንዱ የሚሰበረው በራሱ መንገድ ነው። የስባሪዎቹን ክብደት ቀድመው ከታወቁ ነገሮች ጋር አስተያይቶ ስም የሚያወጣው ደግሞ ሶፍትዌሩ ነው።

የጠላው ውጤት ሲወጣ ዓይናዲስ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ፈህሚያ የዳታ ባለሙያ ናት፤ መሣሪያው የሚያፈሰውን ቁጥር የምታጣራውና የምታርመው እሷ ናት። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው።

“ፈህሚያ፣ እስኪ ይህን እይልኝ። ሶፍትዌሩ ኮኬይን ነው ይላል።”

“ዳባት ላይ?”

“ከዳባትም በላይ።”

ፈህሚያ ሳቀችና ወንበሯን አስጠጋች። ስሞቹን አየች። ሁለተኛው ላይ የተጻፈው ስኮፖላሚን የሚባል፣ አንዳንድ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ናላ የሚያዞር ነገር ነው። የሁለቱ ክብደት አንድ ነው፤ በአንዲት ቅንጣት እንኳ አይለያዩም። ሶፍትዌሩ ለሁለቱም የሰጠው ነጥብ እኩልና ዝቅተኛ ነበር። ኮኬይንን ያስቀደመው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚቀድም ብቻ ነው።

“ስባሪዎቹ ከሁለቱም ጋር አልገጠሙለትም” አለች ፈህሚያ። “ስለዚህ ሙሉውን ክብደት ብቻ አይቶ ነው የገመተው።”

ውጤቱን ለላቦራቶሪው ኃላፊ ለአቶ ህሩይ አሳዩአቸው። አቶ ህሩይ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን በቅርበት አዩ።

“በዚህ ላይ ስም አንጽፍም” አሉ። “ምንነቱ አልታወቀም ብለን እንመልስላቸው።”

“አቶ ህሩይ” አለች ዓይናዲስ፣ “እዚያ አገር አልታወቀም ማለት መድኃኒት አድርጋለች ማለት ነው።”

አቶ ህሩይ ጥቂት አሰቡ። “እንግዲያው እስኪታወቅ ሥሩ። ራሳችሁ ያላመናችሁበትን ግን እንዳታመጡልኝ።”

በማግሥቱ ፈህሚያ የስባሪዎቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ስታይ አረፈደች። አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። ስባሪዎቹ ስኮፖላሚን ሲሰበር ከሚሰጣቸው ጋር ይቀራረባሉ፤ ግን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከበድ ይላሉ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ሶፍትዌሩ ከሚፈቅደው ክፍተት ግን ወጣ ብሏል፤ ስለዚህ አይቆጥራቸውም።

“ሁሉም የሳቱት በአንድ ወገን ነው” አለች። “ዝም ብሎ ስህተት ቢሆን ግማሹ ይከብድ፣ ግማሹ ይቀል ነበር።”

“የሙሉው ክብደት ግን ልክ ነው” አለች ዓይናዲስ።

“እሱ ነው እኮ የገረመኝ።”

ሁለቱም ወደ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገቡ። መሣሪያው ከረጅም የመብራት መጥፋት በኋላ ሲነሳ ሚዛኑ እንደገና ታርሞ ነበር። እርማቱን ከፍተው ሲያዩት ያረፈው ሙሉዎቹን ቅንጣቶች በሚመዝነው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ስባሪዎቹን የሚመዝነው ክፍል የድሮውን ልክ እንደያዘ ቀርቷል። መሣሪያው ሁለት ሚዛን አለው ቢባል፣ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ተረስቷል ማለት ነው።

የስባሪዎቹን ሚዛን ለማረም ስባሪው ምን ያህል እንደሚመዝን አስቀድሞ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ፈሳሽ አልቆ ነበር፤ አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ደግሞ ገና ነው።

“ስኮፖላሚን መሆኑ እየታየን ነው” አለች ዓይናዲስ። “ቁጥሮቹን ወደ እሱ ገፋ ብናደርጋቸውስ?”

“የምንፈልገውን መልስ ይዘን ሚዛኑን ካረምነው፣ ሚዛኑ የሚነግረን የምንፈልገውን ብቻ ነው።”

ዓይናዲስ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ታውቀዋለች፤ የተናገረችው እትዬ አማረች ከልቧ ስላልወጡ ነው።

ከሥራ ሲወጡ ፒያሳ ወርደው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ወደ ግንቡ ጀርባ ሊገባ ነው። ዓይናዲስ ማኪያቶዋን አማስላ ሳትጠጣ ቆየች።

“ካፌይን” አለች በመጨረሻ። “ካፌይን ሲሰበር ምን ምን እንደሚሆን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ስባሪዎቹ በቃሌ ናቸው።”

ፈህሚያ ስኒዋን አስቀመጠች። “ቁንዶ በርበሬስ?”

“እሱም ይታወቃል። የሚያቃጥለው ነገር ተጠንቶ ያለቀለት ነው።”

“ሚጥሚጣ?”

“ሚጥሚጣም። እርድም።”

ተያዩና ሂሳቡን ከፍለው ተነሱ። የፈህሚያ አባት ሐጂ ሐቢብ ቅዳሜ ገበያ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ሱቁ ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይረዝማል። ሲደርሱ ሐጂ አንዲት ደንበኛ ሸኝተው ሊዘጉ ሲሰናዱ ነበር።

“አባባ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና እርድ እንፈልጋለን” አለች ፈህሚያ።

“ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ? ስንት ስንት ኪሎ?”

“ቁንጥር ቁንጥር ይበቃናል።”

“ቁንጥር እንዴት አድርጌ ነው የምመዝነው?” አሉ ሐጂ፤ ዓይናዲስን አይተውም ፈገግ አሉ። “አንቺም በዚህ አለሽበት?”

“አለሁበት፣ ሐጂ። የመሣሪያችን ሚዛን ስቶብን ነው። የምናውቀውን ነገር አስቀምጠንበት ምን ያህል እንደሚዋሽ ልናይ ነው። እውነተኛውን ስናውቅ የሚጨምረውን እንቀንስበታለን።”

ሐጂ ገባቸው። “ለምን ጉዳይ ነው የተቸኮለው?”

ዓይናዲስ የእትዬ አማረችን ነገር አጫወተቻቸው። ሐጂ ጠረጴዛውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“ሴትዮዋ ተከስሳለች?”

“ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ጎረቤት ነው የፈረደባቸው።”

“ያ ይከፋል” አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ሲመርጡ ቆዩ። የተፈጨውን ተዉና ያልተፈጨውን አመጡ፤ ፍሬውን ቁንዶ በርበሬ፣ ደረቁን ሚጥሚጣ፣ የእርዱን ሥር። “ዱቄት ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል። እነዚህን ራሳችሁ ፍጩ።”

ቡናውን ዓይናዲስ ከቤቷ አመጣች። በማግሥቱ ሁሉንም ለየብቻ ወቅጠው አልኮል ውስጥ ዘፈዘፉ፣ አጠለሉ፣ በብዙ ውሃ አቀጠኑ። ሚጥሚጣው ሲወቀጥ ሁለቱም አስነጠሳቸው፤ አቶ ህሩይ በሩን ከፍተው አዩአቸውና ሳይናገሩ መልሰው ዘጉት።

መሣሪያው ቅመሞቹን ተራ በተራ መዘነ፣ ሰበረ፣ ስባሪዎቹንም መዘነ። ፈህሚያ ለእያንዳንዱ ስባሪ በእውነተኛ ክብደቱና መሣሪያው በሰጠው መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ግራፍ ላይ ነጥብ አድርጋ አስቀመጠች። ቡናው፣ ሚጥሚጣውና ቁንዶ በርበሬው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰለፉ። ስባሪው በከበደ ቁጥር ስህተቱም ከፍ ይላል፤ ሥርዓት ያለው ስህተት ነው። ሥርዓት ያለው ስህተት ደግሞ ይታረማል። ፈህሚያ እጆቿን አሻሸች።

የእርዱ ነጥብ ግን ከመስመሩ ርቆ ብቻውን ቆመ።

“እርዱን እንተወው” አለች ዓይናዲስ። “ሌሎቹ ይበቁናል።”

“አይሆንም። ለምን እንደወጣ ሳላውቅ አልጥለውም።”

ፈህሚያ ስልኳን አንስታ አባቷ ዘንድ ደወለች። “አባባ፣ ያ እርድ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ይሆን?”

“የኔ እርድ?” አሉ ሐጂ። “ልጄ፣ ያንን ሥር እኔ ራሴ ነኝ የመረጥሁት። መሣሪያሽን እንደገና እይው።”

እንደገና አየችው። ሶፍትዌሩ ለእርዱ ስባሪ ከሳለው ሹል መስመር ጀርባ ያለውን፣ ገና ሳይጣራ የተቀዳውን ዳታ ከፈተች። እዚያ አንድ ጉብታ አልነበረም፤ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ጉብታዎች ነበሩ። ከእርዱ ስባሪ አጠገብ ከሌላ ነገር የመጣ ተቀራራቢ ስባሪ አለ፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ መካከላቸውን ክብደት ብሎ ወስዷል። ፈህሚያ ጉብታዎቹን የሚለየውን ቅንብር ጠበቅ አደረገችው። ሁለቱ ተለያዩ። የእርዱ ነጥብ ወርዶ መስመሩ ላይ ተቀመጠ።

“ዓይኑ፣ ነይ” አለች።

ዓይናዲስ መጥታ ከጀርባዋ ቆመች። ነጥቦቹ ሁሉ ተሰልፈዋል። ሁለቱም ግራፉን ደጋግመው አዩት። በዓመት ውስጥ እንዲህ ልብ የሚሞላ ነገር ብዙ አይገጥማቸውም፤ ስለዚህ አልቸኮሉም። ከዚያ ፈህሚያ ለአባቷ “እርድህ ንጹህ ነው፣ ይቅርታ” ብላ የጽሑፍ መልእክት ላከች። ሐጂ “አውቃለሁ” ብለው መለሱላት።

እርማቱን ወደ ሶፍትዌሩ አስገብተው የጠላውን ዳታ እንደ አዲስ አሠሩት። ጠላውን ዳግመኛ መመዘን አላስፈለገም፤ የተመዘነው ነበረ፣ የጎደለው ልኩ ነው። ሶፍትዌሩ ትንሽ አስቦ ስሞቹን አወጣ። ስኮፖላሚን አንደኛ ሆነ፤ ስባሪዎቹም ሁሉ ተራ በተራ ገጠሙለት። ኮኬይን ወደ ታች ወረደ። ቀድሞ ስም ያልተገኘለት ሌላ ንጥረ ነገርም አትሮፒን የሚባል፣ የስኮፖላሚን ዘመድ ሆኖ ወጣ።

“ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ተክል አለ” አለች ዓይናዲስ፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። “አስተናግር ነው።”

ከተማ ያደገችው ፈህሚያ ስሙን እንጂ ተክሉን አታውቀውም። “ምን ዓይነት ነው?”

“ነይ ላሳይሽ።”

ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ የግንባታ አፈር የተቆለለበት ቦታ አለ። ዓይናዲስ በአፈሩ ዳር ጥቂት ተራመደችና ጎንበስ አለች። ተክሉ ደርቆ ቆሟል። አበባ ሲኖረው ነጭ፣ እንደ መለከት ረዘም ያለ እንደሆነ ነገረቻት። አሁን የቀረው እሾሃም ፍሬው ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከውስጡም ጥቋቁር ጠፍጣፋ ዘሮች ይረግፋሉ።

“የበላውን ሰው ያስቀባዥረዋል፤ ለዚህ ነው አስተናግር የተባለው” አለች።

“እዚሁ በራችን ላይ ነው የበቀለው?”

“ሰው አፈር በቆፈረበት ሁሉ ይበቅላል።”

ከዘሩ ጥቂት ይዘው ገቡ። እሱንም ወቅጠው በመሣሪያው አሳለፉት። ስባሪዎቹ ከጠላው ስባሪዎች ጋር አንድ ሆኑ። አቶ ህሩይ ከጀሪካኑ ሌላ ናሙና ተቀድቶ ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቁ፤ ተደገመ፣ ያው ሆነ። ግራፉን፣ ቅመሞቹን፣ የዘሩን ውጤት ሁሉ ከተመለከቱ በኋላ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ፈረሙ።

“ሸጋ ሥራ ነው” አሉ። ጎንደሬ ቢሆኑም ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሲናገሩ ሰምተዋቸው አያውቁም።

ምንይችል በስልክ ሲነገረው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ግን አንድ ልመና ነበረው። “እኔ ባነበው ሰው አያምነኝም፤ ከመጀመሪያውም ለእሳቸው ያደላል ተብያለሁ። መጥታችሁ ራሳችሁ ብትነግሯቸው።”

መንገዱ ሰላም መሆኑ ተጠይቆ፣ የላቦራቶሪው መኪና ተፈቀደላቸው። ከጎንደር ወጥተው አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ዳባት ሲደርሱ ብርዱ ጠነከረ። ፈህሚያ ሻርፗን በሻርፕ ላይ ደረበች። ከዳባት በላይ መኪናው በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ ወጥቶ ከመንደሩ ሲደርስ ምንይችል ሰዉን ጤና ጣቢያው ግቢ ሰብስቦ ጠበቃቸው። አያ ሰውአገኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ፊታቸው የጠቆረ ሰው ናቸው። እትዬ አማረች ከግቢው በር አጠገብ ብቻቸውን ቆመዋል።

ዓይናዲስ ተነስታ ተናገረች። የመሣሪያውን ነገር ብዙ አላበዛችውም። ጠላው ውስጥ የአስተናግር ዘር እንደተገኘ፣ ከዘሩ ጋር ተመሳክሮም አንድ እንደሆነ ነገረቻቸው። የአገሩን አነጋገር ስለምታውቅ ሰዉ በጥሞና ሰማት።

“አስተናግርማ እናውቃለን” አሉ አንድ ሽማግሌ። “ማን ጨመረው ነው ጥያቄው።”

“ልክ ነው” አለች ዓይናዲስ። “እሱን መሣሪያው አያውቅም። የጠላው እህል ከየት መጣ?”

ሁሉም ወደ አያ ሰውአገኝ ዞሩ።

“ገብሱ የኔ ነው” አሉ አያ ሰውአገኝ። “እኔ ሰፍሬ ሰጠኋት። ግን ከዚያው ገብስ ስንት ጋን ተጠምቋል፤ የታመመ ሰው አልነበረም።”

“ሁሉም ከአንድ ዐውድማ የተወቃ ነው?”

አያ ሰውአገኝ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “የለም” አሉ። “የመጨረሻው ከአዲሱ ዐውድማ ነው። አሮጌውን በረት አፍርሼ ያበጀሁት።”

“ብናየው ደስ ይለናል፣ አያ ሰውአገኝ። የተረፈ ገብስ ካለም።”

ሰዉ ተከትሏቸው ሄደ። አዲሱ ዐውድማ ከቤታቸው ጀርባ ነበር። በረቱ የነበረበት አፈር ፍግ የጠገበ ነው፤ በዳሩ ዙሪያ አስተናግሩ በቁመት ልክ ደርቆ ተሰልፏል፣ እሾሃም ፍሬዎቹ ተሰነጣጥቀው ተንጠልጥለዋል። ፈህሚያ ከላቦራቶሪው ጀርባ ያየችውን አስታውሳ ወዲያው ለየችው። የአያ ሰውአገኝ ሚስት ከጎተራ የተረፈውን ገብስ በሰፌድ አመጡ። እንደ ለመዱት አበጠር አበጠር ሲያደርጉት ከገብሱ መካከል ጥቋቁር ጠፍጣፋ ዘሮች ወደ ሰፌዱ ዳር ወጡ። ሴቶቹ ተጠጋግተው አዩ።

አያ ሰውአገኝ ከዘሩ ጥቂት በመዳፋቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀና ብለው ሰዉን በዓይናቸው ፈለጉ።

“አማረች የት አለች?”

እትዬ አማረች ከኋላ ነበሩ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

“አማረች፣ በድየሻለሁ” አሉ አያ ሰውአገኝ። “በገዛ እህሌ ነው ሰው ያሳመምሁት። በሰው ፊት ስምሽን አጥፍቻለሁ፣ ይኸው በሰው ፊት ይቅር በይኝ።”

እትዬ አማረች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ያለቀሱ ግን አይመስሉም ነበር። “እግዜር ይቅር ይበልህ” አሉ። “እኔማ ገብሱን ስቀበል ማበጠር ነበረብኝ። ያንተ እህል ሁልጊዜ ንጹህ ስለሆነ አመንሁህ።”

“ሙሽሪትን ልንመልስ ነው። ወላጆቿም ሲሰሙ እሺ ይላሉ። ለመልሱ ጠላውን አንቺ ጥመቂልኝ።”

“ገብሱን ራሴ ካልለቀምሁት አልጠምቅም።”

ሰዉ ሳቀ። አያ ሰውአገኝም ሳቁ፤ ለወትሮው የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን ጠርተው አስተናግሩ በሙሉ ተነቅሎ እንዲቃጠል፣ የተረፈው ገብስም ሳይለቀም ለማንም እንዳይሰጥ ተነጋገሩ።

ከዚያ እንግዶቹ ወደ አያ ሰውአገኝ ቤት ገቡ። ለፈህሚያ ትኩስ ወተትና ቆሎ ቀረበላት፤ የአያ ሰውአገኝ ሚስት ቆሎውን እሷ ፊት አንድ ጊዜ ለቀም ለቀም አድርገው ነው የሰጧት። ፈህሚያ ሲገባት ሳቋን ያዘች። ምንይችል አንድ ጥግ ተቀምጦ ለጠየቁት ሁሉ ስለ አስተናግር ያስረዳል፤ ዛሬ የሚመልሰው አላጣም። አንዱ ሽማግሌ ዓይናዲስን “የማን ልጅ ነሽ?” ብለው ጠየቋትና አያቷን እንደሚያውቋቸው ነገሯት። እሷም እንደ ልጅነቷ እጆቿን ከእሳቱ ዘርግታ ጨዋታ ስትሰማ ቆየች። ቅመም ስትወቅጥ፣ ነጥብ ስትደረድር የሰነበተችበት ነገር እዚህ እሳት ዳር ሰዎች ዘና ብለው ሲያወሩበት መስማት ደስ አላት።

ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ለመውረድ ተነሱ። እትዬ አማረች እስከ መኪናው ልሸኛችሁ ብለው አብረዋቸው ወጡ። የመኪናው መንገድ ከመንደሩ ማዶ ስለሆነ በመካከል ማለፍ ግድ ነው። ምንይችል ለዓይናዲስ ዝቅ ባለ ድምፅ “ከሰርጉ ወዲህ በዚህ ሲያልፉ አይቻቸው አላውቅም፤ በገደሉ በኩል ነበር የሚዞሩት” አላት።

እትዬ አማረች ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። አንዲት ሴት ከአጥሯ ላይ ሆና አየቻቸው። ልትናገር ፈልጋ እንዳፈረች ያስታውቃል። ሊያልፏት ሲሉ ግን ድምጿን አወጣች።

“እትዬ አማረች፣ ምነው ዝም ብለው ያልፋሉ? ይግቡ እንጂ።”

እትዬ አማረች ቆም አሉ። ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ ሁለቱ እንግዶች አዩ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“እንግዶቼን ልሸኝ” አሉ። “ስመለስ እገባለሁ።”